የመድኃኒቱ ገለባ

መክሊት ሻዩን በማንኪያ እየጨለፈች ኮርንፍሌክሱ ላይ ታንጠባጥባለች። ሻዩ ቀጭንና ለብ ያለ መሆን አለበት፤ ከፈላ ኮርንፍሌክሱ ወዲያው ቀልጦ ሊጥ ይሆናል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ እማማ ብዙነሽ በቀሯቸው ጥቂት ጥርሶች ሲያንኮሻኩሹት ድምፁ ራሳቸውን ያስቃቸውና ትን ይላቸዋል። አንድ እፍኝ ኮርንፍሌክስ፣ ስድስት ማንኪያ ሻይ፣ ለአመል ያህል ስኳር። ከጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ፣ ቅዳሜና እሁድ ሲቀር፣ በየማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የምታዘጋጀው ይህንኑ ነው፤ አራተኛው ሳምንት ተጋምሷልና እጇ መጠኑን ለምዶታል። ጎድጓዳውን ሳህን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለሚጠብቋት አማቷ አቀበለች፤ ነጩን ክኒን ከጎናቸው በርጩማው ላይ አኖረች፤ ከዚያ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። ቁልፍ የሚጠብቁ ሦስት የተማሪ ዩኒፎርሞች ተከምረውባታል።

ብርቱካን በዚያ ሰዓት ማድ ቤት ነበረች። የባሏ ታላቅ እህት ናት፤ ሁለት መንደር አልፎ ነው የምትኖረው። ከጉና የወረደ ድንች በርካሽ አግኝታ ለእናቷ ግማሽ ከረጢት ይዛ መጥታ፣ ከረጢቱን የምታሳርፍበት ቦታ ስትፈልግ የኮርንፍሌክሱን ካርቶን አነሣችው። ይዛው ስትወጣ የሞተ አይጥ እንዳገኘ ሰው በሁለት ጣቷ አንጠልጥላዋለች።

«ይሄ ነው እንዴ ያ ነገር?» አለች። «ይሄ ነው እማዬን የምታበያት?»

መክሊት ቀና አለች። ካርቶኑን እስከ ዛሬ አማቷ ፊት አውጥታው አታውቅም፤ ለመደበቅ ብላ ሳይሆን የፕላስቲክ ከረጢቱን ከውስጡ መዞ መቅዳት ስለሚቀል ነው። ካርቶኑ ላይ ቢጫ ቢጫ ቅጠል የሚመስል ነገር የሞላበት ሳህን ተስሏል፤ ከላይ፣ ከማይታይ ማንቆርቆሪያ፣ ወፍራም ነጭ ወተት እየወረደበት ወዲያና ወዲህ ይረጫል። ሠዓሊው ወተቱን ሲስል አልሰነፈም፤ ጠብታዎቹ ሳይቀሩ ያበራሉ።

«ወተት አይደለም ይሄ? ዓይኔ ነው? እናቴን አንድ ወር ሙሉ ስታስገድፊያት ከረምሽ?»

«እትዬ ብርቱካን፣ ሥዕል እኮ ነው። ውስጡ በቆሎ ብቻ ነው ያለው።»

«በቆሎ ከሆነ በቆሎ አይስሉም ነበር? የይፋግ ሰው መቼስ ከመንገድ ዳር ያገኘውን ሁሉ ይቀምሳል፤ እሷ ግን ያንቺ አገር ሰው አይደለችም።»

እማማ ብዙነሽ የመጀመሪያውን ማንኪያ ከአፋቸው አድርሰው ነበር። ማንኪያውን እንደያዙ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። መክሊትን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መልሰው፣ ሳህኑን ወደ በርጩማው ገፋ አድርገው፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «እስኪ ለዛሬ ይቆየኝ» አሉ። «ክኒኑንም አንሺው ልጄ፤ ዶክተሩ በባዶ ሆድ አይሆንም ብሎኛል።»

ያቺ እፍኝ ኮርንፍሌክስ እንዲህ በቀላሉ የተገኘች አልነበረችም። እማማ ብዙነሽ ከጉና ሥር ወደ ደብረ ታቦር የመጡት ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነው። ሐኪሙ ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ቀምሰው የሚወስዱት ክኒን አዘዘላቸው። ክኒኑ ሠራ፤ ከአልጋ እስከ ደጅ ግድግዳ ይዘው ይሄዱ የነበሩት ሴትዮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው የሚመለሱ ሆኑ። ከዚያ ጾም ገባ። በጾም ቅዳሴው ከሰዓት ነው፤ ከቅዳሴ በፊት ደግሞ እህል የሚባል ነገር ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ጠዋት ክኒኑን ካልወሰዱ ቅዳሴው ቦታ አይደርሱም፤ ክኒኑን ለመውሰድ መብላት አለባቸው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ዘውዱ ቤት ድረስ መጥተው «ሕመምተኛ ነሽ፣ ጠዋት ጠዋት ቅመሺ፤ ከፍስክ ብቻ ራቂ» ብለው ፈቀዱላቸው። እሳቸው ግን የነፍስ አባታቸውን ፈቃድ ሆዳቸው እንዲቀበል ማድረግ አቃታቸው። መክሊት በሶ በጠበጠችላቸው፤ በሶ ምግብ ነው አሉ። ዳቦ በሻይ አረሰረሰችላቸው፤ አልዋጥላቸው አለ። አጥሚት አፍልታ ሰጠቻቸው፤ ጎረቤት እንዳያይ በር ዝጊ አሏትና በሩ ሲዘጋ አለቀሱ።

በዚህ መሀል ነው አንበሳሜ ግብርና ቢሮ የሚሠራው ባሏ ተስፋነህ፣ ቅዳሜ ሲመጣ አንድ ካርቶን ኮርንፍሌክስ ለራሱ ገዝቶ የገባው። እማማ ብዙነሽ ከሳህኑ አንዷን ቅጠል አንሥተው ወደ ብርሃን አድርገው አዩዋት፤ ነፉባት፣ ከመዳፋቸው ብድግ አለች። አፋቸው ውስጥ አደረጓት፤ ጠፋች። «ይሄማ ምግብ አይደለም» ብለው በጣም ሳቁ። «ይሄ የመድኃኒቱ ገለባ ነው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ችግሩ ተፈታ። ምግብ ያልሆነ ነገር በሉ፤ ክኒኑን ዋጡ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ቅዳሴ ሄዱ። ሰው ሲጠይቃቸው «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው» ይላሉ፤ ውሸት የለበትም፣ እንደሚያምኑት ነው የሚናገሩት።

መክሊት ዩኒፎርሞቹን እንደተከመሩ ትታ፣ ካርቶኑን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ካርቶኑን ገና ሁለተኛውን ስትገዛ ጀርባውን አንብባዋለች። በቆሎ፣ ስኳር፣ ጨው፣ የገብስ ብቅል። እንግሊዝኛው እስከዚያ ድረስ እሺ ብሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ደቃቅ ፊደሎች ቫይታሚን ቫይታሚን እያሉ ይረዝማሉ፤ ቫይታሚን ደግሞ ማንን ይጎዳል ብላ ዘለለቻቸው። አሁን መንገድ ላይ የሚከነክናት ያ የዘለለችው መስመር ነው። ብርቱካን ቀኑ ሳያልቅ ለዘመድ ሁሉ ታዳርሳለች፤ «መክሊት አማቷን አስገደፈቻት» የሚል ወሬ በዚህ ከተማ ከሰው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ይህም ይሁን። አሮጊቷ ግን ዛሬ ቅዳሴ አይሄዱም፤ ነገም አይሄዱም።

ኮርንፍሌክሱ የተገዛው ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለው የጋሽ ፈንታሁን ሱፐርማርኬት ነው። ሱፐርማርኬት የሚለው ስም በሩ ላይ የተጻፈው ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ነው፤ ቤቱ ያው የድሮው ሱቅ ነው፣ መደርደሪያው ብቻ መስታወት ሆኗል። ጋሽ ፈንታሁን ካርቶኑን ተቀብለው ገለበጡት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

«ልትመልሺው ነው?»

«አይደለም። ወተት አለበት ወይ ብዬ ነው።»

«ለሥዕሉ ነው?» ሳቁና ከመደርደሪያው አንድ ሳሙና አወረዱ። «ይቺን ቆንጆ አየሻት? አሥራ አምስት ዓመት ይሄን ሳሙና ስሸጥ አንድ ቀን እንኳ ከውስጡ ወጥታ ደህና ዋልክ አላለችኝም። ሠዓሊ የፈለገውን ይስላል ልጄ።»

«እሱስ ገብቶኛል። አማቴ ጾመኛ ናቸው፤ እርግጡን ካላወቅኩ አልሰጣቸውም።»

ጋሽ ፈንታሁን ይህን ሲሰሙ ሳሙናውን ወደ ቦታው መለሱ። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው፤ አፋቸው ከሌሊት ጀምሮ ደርቋል። «እንግዲያው እኔ አላውቅም» አሉ። «መምህር ምትኩ ግን ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ምግብ ነው የሚያስተምረው፤ ማብሰሉን አይደለም፣ ውስጡን። ከኋላዬ ተከራይቶ ነው ያለው፤ ዛሬ ከሰዓት ነው ክፍል ያለው።»

መምህር ምትኩ ከወላይታ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ደብረ ታቦርን ሦስት ዓመት ኖሮባት አሁንም ብርዱን አልለመደውም፤ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሹራብ ደርቦ የተማሪ ወረቀት ያርማል። ካርቶኑን ሲያይ ፊቱ በራ። መክሊትን አንድ ያለችውን ወንበር ሰጥቶ ራሱ አልጋው ላይ ተቀመጠና በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ አነበበላት። በቆሎ። ስኳር። የገብስ ብቅል። ጨው። ወተት ሰዎችን በአለርጂ ስለሚያሳምም፣ ቢኖርበት ኖሮ ፋብሪካው በደማቅ ፊደል ይጽፈው ነበር፤ እዚህ በደማቁ የተጻፈው ገብስ ብቻ ነው። «የለበትም» አላት። «ሥዕሉ አበላል ለማሳየት ነው፤ እነሱ አገር በወተት ነው የሚበላው።»

መክሊት እፎይ አለች። በዚህ ጊዜ ካርቶኑን ተቀብላ፣ አመስግና ብትሄድ ኖሮ ነገሩ በዚያው አልቆ ነበር። መምህር ምትኩ ግን ማንበቡን አላቆመም፤ የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ወራት የሆነው ይመስላል።

«እዚህ ጋ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ» አለ። «ቫይታሚን ዲ ይላል፤ ሦስተኛው ዓይነት። ከምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? ካርቶኑ አይናገርም እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ፀጉር ነው። የተሸለተው ፀጉር ሲታጠብ የሚወጣ ወዝ አለ አይደል? እሱን አጣርተው፣ ብርሃን አሳይተው ነው የሚያወጡት። በውጭ አገር ከእንስሳ የመጣ ምንም የማይበሉ ሰዎች አሉ፤ ዓመቱን ሙሉ። በዚህ ምክንያት ይሄን አንበላም ብለው ለፋብሪካው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፤ ማንም ተገርሞ አያውቅም።» ቀና ሲል የመክሊትን ፊት አየ። «ለምንድን ነው የፈለግሽው ግን?»

«ለአማቴ። ጾም ናቸው።»

መምህር ምትኩ ካርቶኑን ቀስ ብሎ መለሰላት። «ወይ ጉድ» አለ። «ይቺን የመጨረሻዋን አልነገርኩሽም በይ። እሷ እኮ በዓይን አትታይም፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የአቧራ ያህል አትሞላም።»

ከዚያ ሲወጡ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ድንች የጫኑ በቅሎዎች ከጉና በኩል ይገባሉ፤ አንድ ሰውዬ ድንቹን በኪሎ አሥር ብር ብሎ ሲጠራ፣ ሌላው ከአጠገቡ ዘጠኝ ይላል፤ አሥሩ ዘጠኙን ይሰድባል፤ ዘጠኙ ስድቡን በፈገግታ እየተቀበለ ይሸጣል። መክሊት ካርቶኑን በብብቷ ይዛ በመካከላቸው አለፈች። ወተት የለበትም። ይህ እውነት ነው፤ የተማረ ሰው አንብቦ የነገራት እውነት። ቤት ገብታ ይህንኑ ብትናገር ብርቱካን ዝም ትላለች፤ እማማ ብዙነሽ ነገ ገለባቸውን በልተው ቅዳሴ ይሄዳሉ። የአቧራ ያህል ነው ብሏታል። አቧራውስ ቢሆን ማን ያየዋል? ይህን እያሰበች እግሯ ግን የቤቷን መታጠፊያ አለፈው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትደርስ ቄስ ዘውዱን የግቢውን አጥር አብረው ከሚጠግኑ ሰዎች መካከል አገኘቻቸው፤ ሚስማር በአፋቸው ይዘዋል።

ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ቄስ ዘውዱ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው በመዳፋቸው ያዙ። ካርቶኑን ከፍተው አሸተቱት።

«በቆሎ ነው የሚሸተው።»

«አዎ አባ።»

«የበግ ወዝ ነው ያልሽኝ? ከታረደ በግ?»

«ኧረ አይደለም። ተሸልቶ፣ ፀጉሩ ሲታጠብ የሚወጣው ነው ያለኝ።»

ቄስ ዘውዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሥጋው ሥጋ ነው፣ ወተቱ ወተት ነው፣ ቅቤው ቅቤ ነው፤ ይሄን ሁሉ ተምሬአለሁ። ፀጉር አይበላም የሚል አላነበብኩም፤ ይበላል የሚልም አላነበብኩም። ማን ይሄን ያስባል ብለው ይጻፉት?» ትንሽ ሳቁና ወዲያው ሳቃቸውን ተዉት። «እኔ ሕመምተኛ ናት ብዬ ፈቅጃለሁ፤ ፈቃዴ እንዳለ ነው። ግን የምትጾመው እሷ ናት። ነግረሻት፣ ልቧ እሺ ካላት ትብላው፤ ከከበዳት ትተወው። አንቺ ብቻ እንዳትደብቂያት።»

ይኸው ነው፤ ሄዳ ሄዳ ነገሩ ተመልሶ እሷው እጅ ላይ ወደቀ።

እዚያው አስቀድሳ ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ብርቱካን ድንች ልጣ፣ ወጥ ሠርታ፣ ገበታ አቅርባለች፤ ካልተጠራችበት ቤት ይህን ሁሉ የሠራችው ፍርዱ ሲሰጥ እንዳያመልጣት ነው። እማማ ብዙነሽ ከአልጋው ወደ ገበታው የመጡት ግድግዳውን ይዘው ነበር፤ ምርኩዛቸውን በሌላው እጃቸው ይጎትታሉ። ከውጭ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። እሳቸው ወደ በሩ አላዩም። ሦስቱም በሉ። ስለ ድንቹ ተወራ፤ ዱቄት እንዳለው፣ የዘንድሮው ከአምናው እንደሚሻል፤ ከዚያ ያም አለቀና የእንጀራ መቆረስ ብቻ ይሰማ ጀመር። ኮርንፍሌክሱን ያነሣ የለም። ካርቶኑ ግን ከነፌስታሉ መክሊት ጎን ተቀምጧል፤ ሦስቱም እሱን ላለማየት ሲሉ ሳህኑን ብቻ ያያሉ።

«እማማ» አለች መክሊት፣ እጃቸውን ሲታጠቡ። «አስነብቤው መጣሁ። ወተት የለበትም።»

«ማን አለ?» አለች ብርቱካን።

«የዩኒቨርሲቲ መምህር። ምግብ ነው የሚያስተምረው። ሥዕሉ እንዲያው አበላል ለማሳየት ነው አለኝ።» እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። እማማ ብዙነሽ ፊታቸው ላላ ማለት ጀምሮ ነበር። «ግን ሌላ ነገር አለበት። ቫይታሚኑ ከበግ ፀጉር ነው የሚወጣው። ሳይሆን አይቀርም ነው ያለኝ። በጉ ተሸልቶ፣ ፀጉሩ ሲታጠብ ከሚወጣው ወዝ። አባን ጠየቅኳቸው፤ ንገሪያት፣ ራሷ ትወስን አሉኝ።»

ብርቱካን ሁለት እጆቿን አጨበጨበች። «በግ! ወተት ነው ስንል በግ ሆነ! ነገ ደግሞ በሬውን ታመጪልናለሽ።»

እማማ ብዙነሽ ልጃቸውን በእጃቸው ዝም አሰኟት። «ከነወዙ ያለውን ፀጉር ነው ያልሽኝ?»

«አዎ እማማ።»

«ፍል ውኃ ሲነካው ከላይ እንደ ሰም የሚንሳፈፈውን?»

«እሱን ይመስለኛል።»

አሮጊቷ ለጥቂት ጊዜ እጆቻቸውን እያገላበጡ አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መክሊት የሚያለቅሱ መስሏት ልትነሣ ስትል፣ ሳቃቸው ፈነዳ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «እኔ እኮ ጉና ሥር ነው ያደግኩት። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ የበግ ፀጉር ስፈትል ነው የኖርኩት። ለአባትሽ፣» ወደ ብርቱካን ዞሩ፣ «አባትሽ ለብሷት የሞተባትን ባና ማን የፈተላት መሰለሽ? የሚፈተለው መቼ ነው? እርሻ በሌለበት፣ በጾሙ። ፈትሉ ሲበጠስ በምን ይቀጠላል? በምራቅ! ጫፉን አፍሽ ውስጥ ከተሽ፣ አርሰሽ፣ ትቀጥይዋለሽ። በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚበጠሰው? ወዙ ከከንፈሬ ሳይለቅ ነው ቅዳሴ የምሄደው። ይሄ የሚያስገድፍ ከሆነ እኔ ከተወለድኩ አንድም ጾም አልጾምኩም በይኛ! የጉና ሴት ሁሉ ገሃነም ትገባለች!»

«እሱ ሌላ ነው፤ ይሄኛውን ትውጪዋለሽ» አለች ብርቱካን፤ ድምፅዋ ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም።

«ያንንስ ተፋሁት?»

መክሊት የመምህሩን ወሬ ጨመረችላቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳ የመጣ የማይበሉ ሰዎች እንዳሉ፣ በዚህ ወዝ ምክንያት ለፋብሪካ ደብዳቤ እንደሚጽፉ።

«ለእግዜር ብለው ነው?»

«አይደለም። ለከብቶቹ አዝነው ነው አሉኝ።»

«ዓመቱን ሙሉ?» እማማ ብዙነሽ ከልባቸው ደነገጡ። «ፋሲካ የላቸውም?»

«የላቸውም መሰለኝ።»

«ውይ ምስኪኖች» አሉ። «ልባቸውስ ደግ ነው።»

ሳቁ ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «ጠዋት ሥዕሉን ሳይ» አሉ፣ አሁን ለመክሊት ብቻ፣ «የደነገጥኩት ለወተቱ አይደለም። ሳያውቁ የበሉትን እግዜር ይቅር ይላል። አውቃ ደብቃኝ ይሆን ወይ ብዬ ነው። ልጄ ያመጣት ልጅ፣ ታማለች ትብላ ብላ አታላኛለች ወይ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስገላበጥ ዋልኩ። አሁን በጉን ማን ጠይቆሽ ነገርሽኝ? ማንም። በጉን የነገረችኝ ልጅ ወተቱን አትደብቀኝም።» ወደ በርጩማው እጃቸውን ዘረጉ። «በይ የማታውን ክኒን ስጪኝ፤ ሆዴ ሙሉ ነው። ነገ ጠዋት ገለባዬን በሰዓቱ አድርሺልኝ፤ ዛሬ የቀረብኝን ቅዳሴ ነገ ከፊት ቆሜ ነው የማስቀድሰው። ብርቱካን ትወስደኛለች።»

ብርቱካን «እሺ» አለች፤ ወደ ወለሉ እያየች።

እማማ ብዙነሽ ክኒናቸውን ውጠው ጋደም አሉ፤ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ። መክሊት ገበታውን አነሣች። ስትመለስ የነገውን ምስር በሰፌድ ይዛ በር ላይ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል ተቀመጠችና ጠጠሩን መልቀም ጀመረች። ብርቱካን ጫማዋን አድርጋ ልትሄድ ተነሥታ ነበር። ቆመች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ከሰፌዱ ማዶ ቁጢጥ አለች። አንዷ ከዚህ፣ ሌላዋ ከዚያ እየለቀሙ፣ የጠራውን ወደ መሀል ይሰበስባሉ። የብርቱካን ጣት ፈጣን ነው፤ መክሊት አንድ ስትለቅም እሷ ሦስት ትለቅማለች።

«ስንት ነው ያ ነገር?» አለች ብርቱካን፣ ቀና ሳትል።

«መቶ ሠላሳ አምስት ብር።»

«ለገለባ!»

መክሊት ፈገግ አለች። ብርቱካንም ፈገግ ልትል ነበር፤ ግን አንድ ጠጠር አግኝታ ወደ እሱ ዞረች።

«ይሄኛው ሲያልቅ ሱቁን አሳዪኝ» አለች ቆይታ። «ተስፋነህን ብቻ አይደለም የወለደችው።»

«እሺ እትዬ።»

ምስሩ አለቀ። ብርቱካን የራሷንም የመክሊትንም ጠጠር በአንድ መዳፏ ሰብስባ ወደ ደጅ በተነችው። መክሊት ምስሩን ድስት ውስጥ ገለበጠች፣ ሰፌዱን መታ መታ አድርጋ አራገፈችው፣ ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።